ፊሽ ፋይንደር በካያክ ላይ፤ ስለ ባትሪው፣ ስለ ሽቦውና ስለ አየሩ

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ስለ ካያክና ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ «ለመሆኑ ውኃው የት አለና?» ቢባል ጠያቂው አይፈረድበትም። ጀማና ወንጪት በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ የሚወርዱ፣ በክረምት ደግሞ አፈርና ድንጋይ እያንከባለሉ የሚጋልቡ ወንዞች በመሆናቸው ለአንዲት ቀላል የፕላስቲክ ጀልባ የሚመቹ አይደሉም። እኛ የምንቀዝፈው በደጋው ላይ ለመስኖ በተሠራ አነስተኛ ግድብ ላይ ሲሆን፣ ጊዜውም ነዳጁም ሲገኝ በጣርማ በር ቁልቁል ወርደን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ኮምቦልቻንና ደሴን አልፈን እስከ ሐይቅ ከተማና እስከ ሐይቁ እንዘልቃለን። የካያኩ ባለቤት የእኅቴ ልጅ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ከውጭ አገር ሲልክለት ባለ አምስት ኢንች ስክሪን ፊሽ ፋይንደርም፣ ማለትም ከጀልባው ሥር ያለውን ዓሣና የውኃውን ወለል የሚያሳይ መሣሪያ፣ ጨምሮለት ነበር። መተዳደሪያዬ የሶላርና የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ስለሆነ የመግጠሙ ሥራ ያለ ብዙ ክርክር ለእኔ ተሰጠ።

ስለ እነዚህ መሣሪያዎች የሚነሣው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ስክሪን ስፋትና ስለ ቀለም ጥራት ነው። እኔ ግን ገንዘቡም ድካሙም ሊወጣ የሚገባው ሰው በማያየው ቦታ፣ ማለትም በባትሪው፣ በሽቦው መጋጠሚያና ትራንስዱሰሩ (ድምፅ የሚልከውና የሚቀበለው ክፍል) ከውኃው ጋር በሚገናኝባት በዚያች በመዳፍ በምትሸፈን ቦታ ላይ ነው ባይ ነኝ። ዘጠኝ ኢንች ስክሪን ያለው መሣሪያ በማይረጋ ቮልቴጅና በአየር አረፋ ላይ ከተገጠመ፣ የተበላሸውን ምስል በሰፊው ከማሳየት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

መሣሪያው ካሜራ አይደለም፤ የሚሠራው በድምፅ ነው። ትራንስዱሰር የሚባለው ክፍል በውስጡ ባለው የሴራሚክ ቁራጭ አማካይነት ለጆሮ የማይሰማ አጭር የድምፅ ምት ወደ ታች ይልካል፤ ከዚያም ከመሬቱ ወይም ከዓሣው ነጥሮ የሚመለሰውን ያዳምጣል። ድምፅ ጨው በሌለው ውኃ ውስጥ፣ ውኃው 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን በሴኮንድ 1,447 ሜትር ያህል፣ 20 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ 1,482 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 10 ሜትር ጥልቀት ባለው ቦታ ላይ ምቱ ደርሶ ለመመለስ 14 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ይበቃዋል። ይህ ድምፅ ውኃና አየር ከሚገናኙበት ወሰን ላይ ሲደርስ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ይነጥራል። ዓሣው ራሱ በስክሪኑ ላይ የሚታየው በአብዛኛው በሆዱ ውስጥ ባለው የአየር ከረጢት ምክንያት ነው፤ ሥጋውማ ከውኃ ብዙም ስለማይለይ የሚመልሰው ድምፅ ጥቂት ነው። ዓሣውን የሚያጋልጠው ይኸው አየር በትራንስዱሰሩና በውኃው መካከል ሲገባ ግን መሣሪያውን ያሳውረዋል።

ከኃይሉ እንጀምር። የእኛ መሣሪያ ከ10 እስከ 18 ቮልት እንደሚቀበል በገመዱ ላይ ተጽፏል፤ በቴስተር ስለካው ደግሞ የስክሪኑ ብርሃን እስከ መጨረሻው ተከፍቶ 0.7 አምፔር አካባቢ ይወስዳል። ማለዳ ገብቶ ከሰዓት በኋላ ለሚወጣ ሰው 8 ሰዓት ብንይዝ 5.6 አምፔር-ሰዓት ይሆናል፤ ይህም በየኮምፒውተር መለዋወጫ ሱቁ በሚገኘው፣ ለዩፒኤስ በሚያገለግለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ሊድ አሲድ ባትሪ የሚሸፈን ይመስላል። ይሁን እንጂ በባትሪው ጀርባ ላይ የተጻፈው 7 ቁጥር ባትሪው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲራገፍ የሚገኝ ልክ ነው፤ ፈጠን ብሎ ሲራገፍ ይቀንሳል፤ በየጊዜው እስከ ጥግ የሚራገፍ ሊድ አሲድ ደግሞ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ባትሪው እንዲከርም የሚፈልግ ሰው ግማሹን ብቻ የእኔ ነው ብሎ ይቁጠር፤ ይህም በሙሉ ብርሃን አምስት ሰዓት ያህል ይሰጠዋል። ክብደቱ ከ2 ኪሎ የሚበልጥ ቢሆንም ከወንበሩ ጀርባ፣ ከወለሉ ሳይርቅ ከተቀመጠ ካያኩን አያናውጠውም።

ከዚህ የሚሻለው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ነው። እያንዳንዱ 3.2 ቮልት የሆኑ አራት ሴሎች በተርታ ተያይዘው 12.8 ቮልት ይሰጣሉ፤ ክብደቱ ከሊድ አሲዱ ግማሽ አይሞላም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ቮልቴጁ እምብዛም አይወርድም። በአሮጌ ላፕቶፕ ሴሎች በቤት ውስጥ የሚገጣጠመውን ባለ ሦስት ሴል ጥቅል ግን አልመክርም። ሞልቶ 12.6 ቮልት የነበረው እየተራገፈ እስከ 9 ቮልት ስለሚወርድ መሣሪያው 10 ቮልት ላይ ሲጠፋ በሴሎቹ ውስጥ ያልተሠራበት ኃይል ይቀራል፤ መከላከያ ሰርኪዩት ያልተገጠመለት የሊቲየም ጥቅልም ሰው ተቀምጦበት ከውኃው ዳር የሚርቅ ዕቃ ውስጥ መግባት የለበትም።

የእኅቴ ልጅ የመጀመሪያ ሐሳብ ፓወር ባንክ ነበር፤ ብዙ ሰውም ይህንኑ ስለሚጠይቀኝ ስሌቱን ላስቀምጥ። 20,000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት የተባለው ልክ የውስጡ ሴል ባለው 3.7 ቮልት የተሰላ በመሆኑ ጠቅላላው 74 ዋት-ሰዓት ነው፤ ወደ 12 ቮልት ከፍ ሲደረግ በመንገድ ላይ የሚባክነው ተቀንሶ 60 ዋት-ሰዓት ያህል ቢቀር፣ 8 ዋት ለሚወስድ መሣሪያ ለሰባት ሰዓት ተኩል ይበቃል። በወረቀት ላይ መልካም ነው። ችግሩ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርገው ርካሽ መቀየሪያ ኤሌክትሪካዊ ረብሻ የሚያመነጭ መሆኑ ነው፤ ትራንስዱሰሩ የሚያዳምጠው ድምፅ እጅግ ደካማ ስለሆነ ረብሻው በስክሪኑ ላይ የተበተነ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ ነጠብጣቡን ለማጥፋት የመሣሪያው የማዳመጥ ስሜት (ሴንሲቲቪቲ) ሲቀነስ ደግሞ ዓሣውም አብሮ ይጠፋል። ለዚህ ነው በመጨረሻ የዩፒኤስ ባትሪው የተመረጠው፤ ቀጥተኛ 12 ቮልት፣ መሐል ላይ ምንም የሌለበት።

የሽቦውን ውፍረት በተመለከተ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው። 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በሜትር 0.012 ኦም ገደማ መቋቋም አለው፤ ከባትሪው እስከ ስክሪኑ ሁለት ሜትር ቢሆን ምላሹ ተጨምሮ አራት ሜትር፣ ማለትም 0.05 ኦም ስለሚሆን፣ በ0.7 አምፔር የሚጠፋው ቮልቴጅ ከ0.04 አይበልጥም። ወፍራም ሽቦ የሚያስፈልገው እንዳይበጠስ እንጂ ኃይል እንዳያንስ አይደለም። በካያክ ላይ ቮልቴጅ የሚሰረቀው በመጋጠሚያው ነው፤ ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ሽቦ እርጥበት ከገባበት መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ መሣሪያውም ማዕበል በመታው ቁጥር ጠፍቶ ይበራል። መጋጠሚያው በስታኞ መበየድ፣ በላዩም ውስጡ ማጣበቂያ ያለው በሙቀት የሚጨማደድ ፕላስቲክ ሊለብስ ይገባዋል። ሽቦን በብሎን አጥብቆ የሚያገናኘው ሞርሴቶ ለቤት ቆጣሪ ሰሌዳ ጥሩ ነው፤ ውኃ ለሚረጭበት ቦታ ግን አይሆንም።

ፊውዝ የሌለው ገመድ ደግሞ ከናካቴው አይገናኝ። ይህች ትንሽ የዩፒኤስ ባትሪ ሁለቱ ጫፎቿ ቢነካኩ ለጥቂት ሴኮንዶች እስከ መቶ አምፔር የሚጠጋ ጅረት ልትለቅ ትችላለች፤ ያ ደግሞ የሽቦውን ልባስ ለማቅለጥ፣ ከሥሩ ያለውንም ፕላስቲክ ለማቃጠል ይበቃል። ባለ 3 አምፔር ፊውዝ በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ፣ በተቻለ መጠን ለባትሪው ቀርቦ ይገባል፤ ፊውዙ የሚጠብቀው ከእርሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ብቻ ስለሆነ ከስክሪኑ አጠገብ የተቀመጠ ፊውዝ ሁለቱን ሜትር ሽቦ ያለ ዘብ ይተዋቸዋል።

ባትሪው የተቀመጠው ክዳኑ ጎማ ባለው የምግብ መያዣ ፕላስቲክ ውስጥ ነው፤ ገመዱ የሚወጣበት ቀዳዳ በሚጠብቅ የጎማ አንገት ተዘግቷል፤ በዙሪያውም እንዳይንቀሳቀስ ስፖንጅ ተጠቅጥቆበታል። ቻርጅ በሚደረግበት ጊዜ ግን ክዳኑ መከፈት አለበት፤ ሊድ አሲድ ከልክ በላይ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ሊያወጣ ይችላልና። መብራት ሲጠፋ እንዳንቸገር የምንሞላው ባለ 20 ዋት በሆነ የሶላር ፓነልና በአነስተኛ መቆጣጠሪያ ነው፤ ፓነሉ በጠራ ፀሐይ ከአንድ አምፔር ትንሽ የሚበልጥ ስለሚሰጥ ለዚህ ባትሪ ልኩ ነው። ፓነል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ከፍ ስለሚል የደብረ ብርሃን ብርድ ቢያንስ ለዚህ ጠቅሟል።

ለሊቲየሙ ግን ብርዱ ጠላት ነው። በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድባቸው ሌሊቶች እዚህ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ደግሞ የራሱ ሙቀት ከዜሮ በታች ሳለ ቻርጅ ከተደረገ ሊቲየሙ በአንደኛው ዋልታ ላይ ተነጥፎ ስለሚቀር ሴሉ ለዘለቄታው ይጎዳል። በውጭ መጋዘን ያደረን ባትሪ ጎሕ ሲቀድ ከሶላሩ ጋር ማገናኘት አይገባም፤ ቤት ውስጥ ይደር፣ ወይም ፀሐዩ እስኪሞቅ ይጠበቅ። በውርጭ ውስጥ መጠቀሙ ያን ያህል አይጎዳውም፤ የሚጎዳው መሙላቱ ነው።

ከደጋ ወደ ቆላ ለሚጓዝ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደጋ ላይ ተጠብቆ የተዘጋ የባትሪ ሣጥን ቆላ ሲደርስ የውጪው አየር ከውስጡ ስለሚበረታ ክዳኑ ተጣብቆ አልከፈት ይላል፤ ጎማው ትንሽ ክፍተት ካለው ደግሞ ሞቃቱን እርጥብ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። የካያኩም ሆድ እንዲሁ ነው፤ የፍሳሽ ቡሹ ተዘግቶ ከወረደ ወለሉ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ የወለሉ ቅርጽ ሲለወጥ ደግሞ ከውስጥ የተገጠመው ትራንስዱሰር ከቦታው ይላቀቃል። ስለዚህ በጉዞ ላይ ቡሹም ክዳኑም ክፍት ይሁኑ፤ ውኃው ዳር ሲደረስ ይዘጋሉ።

ወደ ትራንስዱሰሩ ልምጣ፤ ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። አንዱ መንገድ ከጎን በሚወርድ ክንድ ላይ አስሮ በቀጥታ ውኃ ውስጥ መንከር ነው፤ ምስሉ ከሁሉ የጠራ ይሆናል፤ ነገር ግን ክንዱ ሣር ይለቅማል፣ መቅዘፊያ ይጋጨዋል፣ ጥልቀት በሌለው ዳር ላይም ድንጋይ ይመታዋል። በአየር የሚነፋ ካያክ ያለው ሰው ከዚህ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ከሥሩ ያለው አየር ድምፁን አያሳልፍምና። የእኛ ግን ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሆነ በሁለተኛው መንገድ፣ ማለትም ከውስጥ ሆኖ በወለሉ በኩል ድምፁን እንዲልክ አድርገን ገጠምነው።

ካያኩ የተሠራበት ፖሊኤቲሊን በየግቢያችን የቆመው ሮቶ የተሠራበት ፕላስቲክ ነው፤ አሠራሩም ያው ነው፤ ዱቄቱ በሚሽከረከር የጋለ ቅርጽ ውስጥ ቀልጦ ይጋገራል። ሮቶው የተሰነጠቀበት ሰው እንደሚያውቀው ይህን ፕላስቲክ ማጣበቂያ በደንብ አይዘውም፤ ሲልኮኑም ሆነ ኢፖክሲው ከጊዜ በኋላ በአንድ በኩል ይነሣል፤ በተነሣበት በኩል አየር ይገባል፤ አየር ከገባ ደግሞ የቀረውን ከላይ ተናግሬአለሁ። ስለዚህ ትራንስዱሰሩን ከማጣበቅ ይልቅ በትንሽ የውኃ ገንዳ ውስጥ ማስቀመጡን መረጥሁ። ውኃ ከማይመጥ ወፍራም የነጠላ ጫማ ፎም ቀለበት ቆርጬ፣ ከወለሉ ሻካራውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ቀለበቱን ወለሉ ላይ ተጭኖ የሚይዝ እንጨት ከላይኛው የካያኩ ጣሪያ ጋር ወጠርሁ፤ ትራንስዱሰሩ ቀለበቱ መካከል ተኝቶ ፊቱን ወደ ታች ያደርጋል፤ ካያኩ ውኃ ላይ ሲወርድ በመክፈቻው በኩል እጅ ገብቶ ከኃይላንድ ጠርሙስ ውኃ ይፈስበታል። የአልትራሳውንድ ባለሙያ በሆድ ላይ ጄል የምትቀባው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በመሣሪያውና በቆዳው መካከል አየር እንዳይቀር። ውኃውን ካፈሰሱ በኋላ ትራንስዱሰሩን በጣት ወዲያና ወዲህ ገፋ ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከሥሩ የተደበቀች ሽንብራ የምታህል አረፋ ስትወጣ ትታያለች፤ የመሬቱ መስመር በስክሪኑ ላይ ሳይቆራረጥ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማታ ውኃው ይደፋል፤ በውርጭ ከረጋ ቀለበቱን ይገፋዋልና።

ይህ መንገድ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ፕላስቲኩ ከድምፁ ጥቂቱን ይውጣል፤ በትራንስዱሰሩ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር የሚለካው የውኃውን ሳይሆን የወለሉን ሙቀት ይሆናል፤ እንደ ፎቶግራፍ ጥርት ያለ የታችና የጎን ምስል የሚሰጡት ባለ 455 እና ባለ 800 ኪሎ ኸርዝ (የድምፁ ንዝረት ፍጥነት ልክ) ዓይነቶች በወለል በኩል ሲሆኑ ብዙ ይደክማሉ። ለተለመደው ባለ 200 ኪሎ ኸርዝ ግን በቂ ነው። ከመገጠሙ በፊት ትራንስዱሰሩን ከጎን በእጅ ነክሮ የሚያሳየውን ማየት፣ ከዚያም በዚያው ቦታ ከውስጥ አስቀምጦ ማወዳደር ይገባል፤ ልዩነቱ የጎላ ከሆነ ከወለሉ ላይ ቀጥ ያለና ሳሳ ያለ ሌላ ቦታ ይፈለጋል።

ስለ ስክሪኑ የምለው ጥቂት ነው። መቅዘፊያ ሲዞር የእጅ አንጓ የማይነካው ቦታ ላይ፣ ከሥሩ ሰፊ ሮንዴላና ጎማ ተደርጎ በቡሎን ይታሰር፤ ትራፓኖው የሚበሳው ቀዳዳ በተቻለ መጠን ከውኃው መስመር ከፍ ይበል። የትራንስዱሰሩ ገመድ ቢረዝም አይቆረጥም፤ ላላ ብሎ ተጠቅልሎ በፋሼታ ይታሰራል።

ግድቡ ላይ በሞከርንበት ጊዜ በየሜትሩ ቋጠሮ ያለው ገመድ ከነድንጋዩ ይዘን ነበር። የእኅቴ ልጅ መሐል እንደደረሰ «ጋሼ፣ ሁለት መሬት ነው የሚያሳየኝ፤ አንዱ 4 ሜትር፣ ሌላው 8 ሜትር ላይ። የቱን ልመን?» ብሎ ጮኸ። የላይኛውን እንዲያምን ነገርሁት፤ ድምፁ ከመሬቱ ተመልሶ፣ ከውኃው ገጽ ነጥሮ ዳግመኛ ወርዶ ሲመለስ በእጥፍ ጥልቀት ላይ ሁለተኛ መስመር ይሠራል። ገመዱን ሲጥለው አራተኛው ቋጠሮ ውኃው ላይ ቆመ። «እርስዎ እንዳሉት ነው» አለ፤ ትንሽ ቅር ያለው ይመስል ነበር፤ 8 ሜትሩን ሳይወድደው አልቀረም። ይህ ሁለተኛ መስመር ጎልቶ ሲታይ መሬቱ ጠንካራ፣ አለት ወይም ጠጠር መሆኑን ይጠቁማል፤ ወደ ገባሩ አፍ ስንጠጋ ጠፋ፤ እዚያ ወንዙ ያመጣው ደለል ተኝቷል።

መሣሪያው የሚያየው ቦታ ጠባብ መሆኑን ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ባለ 200 ኪሎ ኸርዝ የተለመደ ትራንስዱሰር የሚልከው ድምፅ 20 ዲግሪ ያህል ስፋት ባለው ሾጣጣ ውስጥ ስለሆነ፣ ከሥር የሚያየው ክብ ስፋት የጥልቀቱን ሲሶ ትንሽ ይበልጣል፤ በ3 ሜትር ውኃ ላይ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። በእኛ ግድብ ላይ ስለዚህ ዓሣ መፈለጊያ ከመሆን ይልቅ የወለሉን ቅርጽ ማወቂያ ነው፤ አሮጌው የወንዙ ቦይ የት እንዳለፈ፣ ቁልቁለቱ የት እንደሚጀምር ያሳያል። ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው በሐይቅ ላይ ግን ሙያው ይታያል፤ ከዳሩ ትንሽ እልፍ ሲሉ መሬቱ ስለሚሸሽ ቆሮሶ የሚሰማራበትን ጠባብ የዳር እርከን ያለ መሣሪያ መከተል አድካሚ ነው። የዓሣ ሥዕል የሚያወጣውን ምርጫ አጥፍቶ ጥሬውን ምልክት መመልከት ይሻላል፤ ሥዕሉ ለቅጠልም ለአረፋም ይወጣልና። ካያኩ ቆሞ ሳለ ከሥሩ የተቀመጠ ዓሣ ቅስት ሳይሆን ረጅም መስመር ይሠራል፤ ቅስት የሚፈጠረው በዓሣውና በጀልባው መካከል ያለው ርቀት ሲለዋወጥ ብቻ ነው። አምባዛን በዚህ መሣሪያ እፈልጋለሁ የሚል ሰው ደግሞ ብዙ ተስፋ አያድርግ፤ የአየር ከረጢቱ ትንሽ ነው፣ እርሱም ከጭቃው ጋር ተለጥፎ ስለሚተኛ ምልክቱ ከመሬቱ መስመር ውስጥ ይሰጥማል።

ክረምት ሲገባ ካያኩ ተገልብጦ ይቀመጣል፤ ትራንስዱሰሩ ከቀለበቱ ወጥቶ ፊቱ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። ሊድ አሲዱ ሞልቶ ይቀመጥ፣ በየወሩም በቴስተር ይታይ፤ ሳይሠራበት ቆይቶ ከ12.4 ቮልት በታች ከወረደ ይሞላ። ሊቲየም ያለው ሰው ግን ግማሽ ያህል ሞልቶ፣ ገመዱን ነቅሎ ቢያስቀምጠው ይበቃዋል።